ከየራሱ ውኃ

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

አዲስ ነገር የለም። ሠላሳ ስድስት ብልቃጥ፣ በያንዳንዱ አምስት ቀንድ አውጣ። የመቶ ሰማንያ ቀንድ አውጣ ሞግዚት ሆኜ ቀረሁ... እናቴ "ለዚህ ነው ልጅሽን ጥለሽ የሄድሽው?" ትላለች። ምን ልበላት?

ከዓባይ ማዶ ባጃጅ አጥቼ ድልድዩን በእግሬ ተሻገርሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር፣ ቤተ ሙከራ። ትናንት ከሰጠኋቸው ሰላጣ የተረፈውን ለቀምሁ፣ አደረቅሁ፣ መዘንሁ። የጎደለው የበሉት ነው። ከሰዓት በኋላ ተራ የደረሳቸውን ጠርሙስ ውስጥ ከድኜ ኦክስጅኑን ለካሁ። በአንድ ሰዓት ስንቱን ተነፈሱት? ይኸው ነው ሥራዬ። ምን ያህል በሉ፣ ምን ያህል ተነፈሱ።

ሐይቁ ቢሞቅ፣ ከከተማው ፍሳሽም ጨው ቢገባበት እነዚህ ፍጥረታት ምን ይሆናሉ? ጥያቄው የአማካሪዬ የዶክተር ኪሩቤል ነው። ልፋቱ የእኔ። ሦስት ዓይነት ሙቀት፦ ሃያ፣ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ ዲግሪ። አራት ዓይነት ጨው፦ ምንም የሌለበት፣ በሊትር አንድ ግራም፣ ሁለት ግራም፣ አራት ግራም። ጠቅላላው ስምንት ሳምንት። አንዱ አለፈ፣ ሰባት ቀረ።

ውኃው በየቀኑ ይተናል፣ በየቀኑ መሙላት አለብኝ። ጋሽ አካሉ፣ የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን፣ በመጀመሪያው ቀን አስተምረውኛል። "እመስመሩ ድረስ ሙዪው። ከየራሱ ውኃ ነው ታዲያ፣ ልጄ። የባለ አራቱን ከባለ አራቱ፣ የባለ ሁለቱን ከባለ ሁለቱ። እንዳታደበላልቂ።" አራት ጄሪካን በጥብጠው ደርድረውልኛል። በልጅነታቸው ድቁና ተምረዋል መሰለኝ፣ ጄሪካኑ ላይ የጻፉት ፊደል እንኳ የብራና ጽሕፈት ይመስላል።

የጨው መለኪያ መሣሪያው ከታኅሣሥ ጀምሮ ለጥገና አዲስ አበባ ነው። መጀመሪያ ቀን ጨዉን በሚዛን መዘንን፣ በጠበጥን። ከዚያ ወዲህ በእምነት ነው።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ቅዳሜም እዚሁ። ቀንድ አውጣ ሰንበት አያውቅም። አንድ ቀን ሳልመግብ ብውል የስምንት ሳምንቱ ቁጥር ይበላሻል። እነሱ በብልቃጥ፣ እኔ በባሕር ዳር።

ዜማ ደወለች። ልጄ፣ ስድስት ዓመት ከአራት ወር፣ ሞጣ ከእናቴ ጋር። "እማ፣ ለፋሲካ ትመጫለሽ?" ለገና እመጣለሁ ብያት ነበር። ከዚያ ለጥምቀት። "አዎ" አልኋት። ለምን አዎ አልሁ? እርግጥ ብልቃጦቹ ሚያዝያ 7 ያበቃሉ፣ ፋሲካ 12 ነው... ይቻላል። በጸጥታው ሰበብ የሚዘጋው መንገድ ከተከፈተ። ሞጣ መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ናት፣ ዘንድሮ ግን ባሕር ማዶ ሆናብኛለች።

ስሌቱ ይኼ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን ግንቦት 15 ካስረከብሁ ሰኔ ላይ እመረቃለሁ። የትምህርት ፈቃዴ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ሞጣ ተመልሼ ባዮሎጂዬን አስተምራለሁ፣ ልጄን አሳድጋለሁ። ግንቦት 15 ካለፈኝ ቀጣዩ ማስረከቢያ ኅዳር ነው። እስከ ኅዳር ወንበሬን ባዶ አድርጎ የሚጠብቀኝ ትምህርት ቤት የለም።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ሠላሳ ዲግሪ ላይ ያሉት ባለ አራቶች ሰላጣውን ገፉት። ከመጀመሪያው ሳምንት ግማሹን እንኳ አይበሉም። ሃያ ዲግሪ ላይ ያሉት ባለ አራቶች ግን ይበላሉ፣ ትንሽ ቀነስ ብሎ። ያው ጨው፣ ያው ሰላጣ። ሙቀቱ ብቻ ይህን ሁሉ አደረገ?

አተነፋፈሳቸውም ገረመኝ። መጀመሪያ ሰሞን ኦክስጅኑን እንደ ጉድ ይጨርሱት ነበር። አሁን ዛጎላቸው ውስጥ ገብተው ዝም። እኔም ሲጨንቀኝ እንዲሁ ነኝ።

ዶክተር ኪሩቤል ሰንጠረዡን አይቶ ከወንበሩ ተነሣ። "ሰገነት! ይሄ ተራ ውጤት አይደለም። ሙቀትና ጨው ለየብቻ አይገድሉም፣ ሲገናኙ ግን..." ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ወጣ፣ ተመልሶ መጣ፣ መነጽሩን ረስቶ ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ሲደሰት መደበቅ አይችልም።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ዛሬ አምስት ሞቱ። ሁሉም ከሠላሳ ዲግሪዎቹ ባለ አራቶች።

ዶክተር ኪሩቤል በሐምሌ ለሚደረገው የሳይንስ ጉባኤ የጥናታችንን ማጠቃለያ ላከ። የእኔ ስም መጀመሪያ፣ የእሱ ቀጥሎ። "ላክኩት፣ አለቀ!" አለኝ በስልክ።

መጋቢት 9

ደስ ብሎኝ ዋልሁ። ቀንድ አውጣ ሞተልኝ ብሎ ደስ የሚለው ሰው... ይቅር ይበለኝ።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ



መብራት ስለጠፋ በስምንት ሰዓት ቤት ገባሁ። አከራዬ እትዬ ፅጌ ማርያም ምስር ወጥ ከጠዋት ጀምሮ ጥደዋል። ባላቸው ቄስ ናቸው፣ ሐይቁ ውስጥ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ያገለግላሉ። ዛሬ ከጓደኞቻቸው ጋር ይመጣሉ። እትዬ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ውኃ በአፋቸው አይዞርም፣ ስለዚህ ጾም በገባ ቁጥር የወጣቸው ጨው የሚቀመሰው በእኔ ምላስ ነው። ጨጓራዬ አያስጾመኝም፣ የግቢው ቀማሽ ሆኜ ተሾሜያለሁ።

ጠዋት ስወጣ ቀምሼ "ልክ ነው" ብያቸው ነበር። አሁን ደግሞ ማንኪያ ሰጡኝ። "እስቲ ያዢማ፣ ካህናቱ ሳይደርሱ።" ቀመስሁ። ምላሴ ተቃጠለ።

"ኧረ እትዬ፣ ጨው ሆኗል!"

"ጠዋት ልክ ነው ብለሽኝ የለም?"

"ልክ ነበር። ጨመሩበት እንዴ?"

"ቁንጥር አልጨመርሁም! ውኃው እያለቀ ሲወፍርብኝ ያን ምስሩ የተቀቀለበትን ውኃ ነው የከለስሁበት። አንዴ፣ ሁለቴ... ሦስቴ ሳይሆን አይቀርም።" ምስራቸውን በጨው ነው የሚቀቅሉት። ከዚያ ራሳቸው ግንባራቸውን መቱ። "ወይ እኔ! ውኃው ነው እንጂ ጨው መች ይተናል! በባዶ ውኃ ነበር መከለስ።"

ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ።

ጨው አይተንም። ውኃው ይሄዳል፣ ጨዉ ይቀራል፣ እኔ በላዩ ጨው ያለው ውኃ እሞላበታለሁ። በየቀኑ። ሠላሳ ስድስት ቀን። ሠላሳ ዲግሪዎቹ ደግሞ አብዝተው ይተናሉ፣ ስለዚህ አብዝቼ እሞላላቸዋለሁ... የሙቀትና የጨው መገናኘት አይደለም የገደላቸው። እኔ ነኝ በየቀኑ ጨው ስጨምርባቸው የከረምሁት።

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ትነትን ለልጆች በሰሌዳ ላይ ሥዬ አስተምሬያለሁ።

"ምነው፣ አመመሽ?" አሉኝ እትዬ። ጨጓራዬ ነው አልኋቸው።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ምናልባት ተሳስቼ እሆናለሁ ብዬ ሄድሁ። ለካሁት።

ከሠላሳ ዲግሪው ባለ አራት መቶ ሚሊ ሊትር ቀዳሁ፣ ሳሕን ላይ አፍስሼ ማብሰያው ላይ እስኪደርቅ ጠበቅሁ። አራት ግራም በሊትር ከሆነ፣ ከመቶ ሚሊ ሊትር ዜሮ ነጥብ አራት ግራም ጨው ነው መቅረት ያለበት። ሚዛኑ አንድ ነጥብ አንድ አለኝ። ደግሜ መዘንሁ። አንድ ነጥብ አንድ። ከሃያ ዲግሪው ባለ አራት፣ ዜሮ ነጥብ ስድስት።

ጋሽ አካሉ አልፈው ሲሄዱ "ጨው ታወጫለሽ እንዴ፣ እንደ አፋር?" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳሕኑን በወረቀት ሸፈንሁት።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

መገብኋቸው። መዘንሁ። ሞላሁ... ከየራሱ ውኃ። ሌላ ምን ላድርግ? እጄ ለምዶታል።

ከአምስት ሳምንት በላይ፣ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ወዴት ልሂድ? ወደ ሞጣ መኪና የለም። ትንሽ ልናፈስ ብዬ ጢስ ዓባይ እንኳ ብል ሚኒባሱ ቆሟል። በአንድ በኩል ሐይቅ፣ በሌላው ፍተሻ፣ መሐሉ ላይ ሙቀት። ሰው እንዲህ ሲታጠር ምን ያህል ይበላል? ዛሬ አንድ ሙዝ።

ማንም አያውቅም። መለኪያው የለም። ማን ሊያውቅ?

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ለዶክተር ኪሩቤል ነገርሁት። ሳሕኖቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁለት።  ፊቱ ጠቆረ፣ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር።

"ለማን ነገርሽ?"

"ለማንም።"

"እንደገና እንጀምር ብንል..." በጣቱ ቆጠረ። "ቀንድ አውጣውን መሰብሰብ፣ ሁለት ሳምንት ማላመድ፣ ከዚያ ስምንት ሳምንት። ግንቦት 15 አለፈሽ። ሥራሽስ? ልጅሽስ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ፣ ዶክተር? እርስዎ ይንገሩኝ።"

"'የመነሻ ጨው መጠን' ብለሽ ጻፊው። መነሻው አራት ግራም ነው አይደል? አንድም ውሸት የለበትም።"

 እሱም የጾም ቀልድ ሊቀልድልኝ ፈልጎ "ከነገሩ ጦም እደሩ ይባል የለ" አለና ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን ፊቱ ላይ አልቆየም።

ውሸት የለበትም። እውነትም የለበትም። ክፉ ሰው ቢሆን እኮ ይቀለኝ ነበር! ስለ ዜማ አስቦ ነው። ያስቆጣኝም ይኼው ነው፣ ልጄን አንሥቶ የአፌ መዝጊያ አደረጋት።

መጋቢት 23

"የመነሻ ጨው መጠን።" ጻፍሁት። አጠፋሁት። ጻፍሁት። እንዳለ ተውሁት።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ከማቆያው ገንዳ የተረፉ ሠላሳ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። በስድስት ብልቃጥ ከፈልኋቸው። ሁሉም ሠላሳ ዲግሪ፣ ሁሉም በሊትር አራት ግራም። ሦስቱን እንደ ወትሮው ጨው ባለው ውኃ ልሞላ፣ ሦስቱን ጨው በሌለበት በተጣራ ውኃ። ለማንም ለማሳየት አይደለም... ለራሴ። ማወቅ አለብኝ።

የተጣራውን ውኃ ስቀዳ ጋሽ አካሉ ከኋላዬ ቆመዋል።

"ምን እያደረግሽ ነው? ባለ አራት ላይ ባዶ ውኃ? ታቀጥኚዋለሽ እኮ!"

"አይቀጥንም፣ ጋሼ።" ነገርኋቸው። ምን ልዋሽ? ጭራሽ አልተከራከሩም። ያደረቅሁባቸውን ሳሕኖች ጠየቁኝ፣ ጨዉን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት።

"ስንት መጣ?"

"አንድ ነጥብ አንድ።"

"መሆን የነበረበት?"

"ዜሮ ነጥብ አራት።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ባርኔጣቸውን አነሡ። "ደኅና ዋይ" ሳይሉ የወጡበት ቀን ይኼ የመጀመሪያው ነው።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ጋሽ አካሉ ሦስተኛ ቀናቸው። አልመጡም። ስልካቸው ዝግ። ምን ነካኝ? ዝም ብል ምን ነበረበት?

መጋቢት 29፣ ሰኞ

መጡ። ከስተዋል። ሰላምታ ሳያስረዝሙ "ነይ" ብለው ወደ ቢሮው ጓዳ ወሰዱኝ፣ የድሮ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ወደሚቀመጡበት መደርደሪያ። አንድ በአንድ እያወጡ ወንበር ላይ ከመሩ። ዓሣ፣ ቀንድ አውጣ፣ የውኃ ቁንጫ... አሥራ አንድ።

"እኒህ ሁሉ ጨው የለኩ ናቸው። ሁሉንም አሞላሉን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት።"

የላይኛውን ሰጡኝ። ስለ ውኃ ቁንጫ አመጋገብ ነው፣ 2001 ዓ.ም.። ሽፋኑ ላይ ኪሩቤል የሚል ስም። ገለጥሁት። "የተነነው ውኃ በዚያው የጨው መጠን ባለው ውኃ በየዕለቱ ተተክቷል" ይላል።

"ያውቃል?" አልኋቸው።

"እኔ እንጃ፣ ልጄ። እኔ ራሴ መች አወቅሁና።"

"ለምን አሳዩኝ ታዲያ?"

"አንቺ ብቻሽን ያጠፋሽ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው።"

አለቀስሁ። እሳቸው ጽሑፎቹን በዓመተ ምሕረታቸው መልሰው ደረደሩ።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

አሁን ባሰ። በፊት የእኔን ስሕተት ነበር የምደብቀው። አሁን ብናገር ጋሽ አካሉ ጡረታ ሊወጡ ስድስት ወር ሲቀራቸው... ዶክተር ኪሩቤልም ጽሑፌ ላይ የሚፈርመው እሱ ነው። የሚፈርምልኝን ሰው ጽሑፍ በአደባባይ ልጥለው? ያውቅ ይሆን? መጋቢት 22 "ለማን ነገርሽ?" ያለኝ ለእኔ አስቦ ነው ወይስ ለራሱ?

ባልናገር ደግሞ አሥራ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። ከዚያ አሥራ ሦስተኛው ይመጣል፣ የእኔን ጽሑፍ ገልጦ "እንደ ሰገነት ሞላሁ" ይላል።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ስምንት ሳምንት ሞላ። ሠላሳ ስድስቱን ብልቃጦች ደፍቼ አጠብሁ። ለራሴ የጀመርኋቸው ስድስቱ ቀሩ። አሁንም አልተለቀቅሁም።

ለዜማ ቀሚስ ገዛሁ። ዓርብ አንድ መኪና ይወጣል ይላሉ።

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

መኪናው አልወጣም። መንገዱ ከትናንት ጀምሮ ተዘግቷል።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ትናንት ፋሲካን ከእትዬ ጋር ዋልሁ። ባላቸውም ከደሴቱ መጥተው ነበር። ዶሮውን ሳልጨርስ ተነሣሁ። 

ዛሬ ደወልሁ። እናቴ አነሣች። "ዜማ አላናግርም አለች።"  "ለምን እማዬ?" "... 'ትዋሻለች' አለች። ልጅ ናት፣ አትስሚያት።"

ልጅ ናት። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ሦስቱንም አስታውሳለች። አንዱንም ልዋሻት ብዬ አልነበረም። ደስ እንዲላት ነበር። ዶክተር ኪሩቤልም ደስ እንዲለኝ ነበር... ሁላችን ደጎች ነን።

ቀሚሱን ከነከረጢቱ ሻንጣ ውስጥ ከተትሁት።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ነገ ሴሚናር አለኝ። ፈታኞች ፊት ውጤቴን አቀርባለሁ።

ስድስቱን ብልቃጥ ቆጠርሁ። ጨው ባለው ውኃ የተሞሉት፦ ከአሥራ አምስት አራት ሞተዋል፣ የቀሩት ሰላጣ አይነኩም፣ ዛጎላቸው ውስጥ ናቸው። በተጣራ ውኃ የተሞሉት፦ አሥራ አምስቱም አሉ። ይበላሉ። እንደ ጤነኛ ይተነፍሳሉ። ሠላሳ ዲግሪ፣ አራት ግራም፣ ሃያ ስድስት ቀን። ሊሞቱ ይገባል ብለን ለጉባኤ የጻፍንላቸው እነሱ ናቸው።

ሁለት ዓይነት ማቅረቢያ አዘጋጅቻለሁ፦ አንደኛው 'የመነሻ ጨው መጠን' የሚለው፣ ሁለተኛው እውነቱ። ሁለቱም ፍላሹ ላይ ናቸው። የትኛውን እከፍታለሁ? አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ሁለተኛውን ከፈትሁ።

 "የምነግራችሁ ውጤት ስሕተት ነው" ብዬ ጀመርሁ። ሳሕኖቹን አሳየሁ። ስድስቱን ብልቃጥ አሳየሁ። የእትዬን ወጥ ሳይቀር ተናገርሁ፣ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ቆመ። ዶክተር ኪሩቤልን አላየሁትም። አንገቴን ወደዚያ ማዞር አልቻልሁም።

ፈታኟ ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው፣ ኮስታራ። "ይህን አሞላል ማን አስተማረሽ?" አሉኝ።

"ራሴ ነኝ። ሳላስብበት።"

"የለም።" ከበሩ አጠገብ። ጋሽ አካሉ። ፕሮጀክተሩን ሊያስተካክሉ ነበር የገቡት፣ ኬብሉ በእጃቸው ነው። "እኔ ነኝ ያስተማርኋት። ልጅቷን አትውቀሷት። እሷ ናት ያገኘችው።"

አዳራሹ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።  ከዚያ ወንበር ተንቋቋ፣ ዶክተር ኪሩቤል ተነሣ።

"እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የ2001 ጽሑፌ እንደዚሁ ነው የተሠራው። ሰገነት የነገረችኝ ቀን ነው የገባኝ። አንድ ወር ሙሉ አውቄ ዝም አልኩ። ዝም በይም አልኳት።"

ተቀመጠ። ላቡ ሸሚዙን አርሶታል።

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ

የፈታኞቹ ውሳኔ መጣ። ሙከራውን ከመጀመሪያው መድገም። ማስረከቢያ ኅዳር። ጋሽ አካሉን የነካቸው የለም፣ "አዲሱን አሠራር ይጻፉልን" ብቻ ተባሉ። ዶክተር ኪሩቤል ማጠቃለያውን ከጉባኤው አወጣ።

ቢሮው ጠራኝ። "ተናድጄብሻለሁ" አለኝ። "እውነቱን ልንገርሽ፣ አሁንም ተናድጃለሁ። ያልፋል።"

"እኔም ተናድጄብዎታለሁ" አልሁት።

"ይገባሻል።"  ወጣሁ።

ግንቦት 6

ርእሰ መምህሩ ከሞጣ ደወሉ። ሰኔ 30 ካልተመለስሁ ቦታዬ ለሌላ መምህር ይሰጣል። እንደማልመለስ ነገርኋቸው። "ያሳዝናል፣ ደንብ ነው" አሉ። ኅዳር ላይ አዲስ ማመልከቻ ማስገባት እችላለሁ፣ ክፍት ቦታ ካለ። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርሁበት ቤት... ክፍት ቦታ ካለ።

ቀኑን ሙሉ ተኛሁ። እትዬ በር አንኳኩተው ሾርባ አስቀምጠው ሄዱ።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

ሠላሳ ስድስት ብልቃጥ። መቶ ሰማንያ ቀንድ አውጣ። አንደኛ ቀን። የጨው መለኪያውም ተጠግኖ መጥቷል፣ በየሳምንቱ እለካለሁ። ሐምሌ 21 ያበቃል።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ፈቃዴ ዛሬ አለቀ። ከዛሬ ጀምሮ የማንም መምህር አይደለሁም።

ሠላሳ ስድስተኛ ቀን ነው። ሠላሳ ዲግሪ ላይ ያሉትን ባለ አራቶች ለካሁ። አራት ነጥብ አንድ ግራም። አሥራ አምስቱም በሕይወት አሉ። ትንሽ ይቀንሳሉ፣ ከሌሎቹ በሩብ ያህል ያነሰ ይበላሉ፣ ትንሽ ቶሎ ይተነፍሳሉ። በቃ። ማንም ከወንበሩ የማይነሣለት ውጤት። ዶክተር ኪሩቤል ቁጥሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ የ2001 ጽሑፉን ላሳተመው መጽሔት የጻፈውን የእርማት ደብዳቤ እንዳነብለት ሰጠኝ። አጭር ናት። አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ አስወጣሁት፣ ስለ እኔ የሚያሞግሰውን።

ማታ ሞጣ ደወልሁ። ዝናቡ መስመሩን ያቆራርጠዋል። ያነሣችው ዜማ ናት። ከፋሲካ ወዲህ ድምጿን ስሰማ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። ምናልባት ሌላ ሰው መስያት ይሆናል፣ ስታውቀኝ ዝም አለች። ግን አልዘጋችውም።

"መቼ ነው የምትመጪው?" ብላ አልጠየቀችኝም። እኔው ጀመርሁ።

"ዜምዬ፣ ሥራዬ ሐምሌ 21 ያልቃል። መንገዱ ክፍት ከሆነ በማግስቱ እመጣለሁ። ዝግ ከሆነ... መቼ እንደምመጣ አላውቅም።"

ዝናቡን እሰማለሁ። እስትንፋሷን እሰማለሁ።

"አታውቂም?"

"አላውቅም።"

"እሺ" አለች። ቆየችና፣ "እማ፣ ጥርሴ ወለቀ እኮ፤ የላይኛው" አለችኝ፤ ከዚያ ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ስለ ጥርሷ ነገረችኝ።